ከደጀ ሰላሙ ውጭ የቀረችው እህቴ

ሰቆጣ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። በየዓመቱ አንድ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ፊቴ ይጠቁራል፤ ተማሪዎቼም ለምደውኛል። ከኋላ ወንበር «ቲቸር ዛሬ ተነስቶባታል» ሲባባሉ እሰማለሁ። ምዕራፉ ስለ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርያት ውስጣዊ ግጭት ነው። ለምሳሌነት የምትቀርበው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሴት ናት፤ የምትወደው ሰው በደል ሠርቶ የተገኘባት፣ በፍቅርና በህሊና መካከል የተወጠረች። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ይከራከርባታል። ግማሹ ፍቅር ይበልጣል ይላል፣ ግማሹ ህሊና ይበልጣል ይላል። ደወል ሲደወል ሴትዮዋን እዚያው ጥለዋት ሁሉም ወደ ሻይ ቤት ይሮጣል።

ልጆቹ አያናድዱኝም፤ እንዲያውም ሲከራከሩ ደስ ይሉኛል። የሚያናድዱኝ እንዲህ ያሉ ሴቶችን የሚፈጥሩ ደራሲዎች ናቸው። ሴትዮዋን ሁለት በር ፊት ያቆሟትና «በይ ምረጪ» ይሏታል። እሷም ታለቅስና አንዱን በር ትገፋለች፤ የገፋችው በርም ይከፈትላታል። ይህንን ሳነብ መጽሐፉን ወርውሪው ወርውሪው ይለኛል። እህቴን ስለማውቅ ነው።

እህቴ ታላቄ ናት። ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ ተዳረች፤ ትዳሩ አልሆነላትምና ልጅ ሳትወልድ ወደ እናታችን ቤት ተመለሰች። ቤታችን ሰቆጣ ዙሪያ ውስጥ፣ ከከተማው በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ደጋ ላይ ነው። ገብስና ባቄላ እንዘራለን፤ ከምናመርተው እህል ከማሳው የምንለቅመው ድንጋይ ይበልጣል። እሷ ስትመለስ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከጓደኛዬ የተዋስኩትን አንድ ልብ ወለድ ጮክ ብዬ አነብላት ነበር። ሽፋኑ ስለተገነጠለ ርዕሱንም ደራሲውንም እስከ ዛሬ አላውቅም። እህቴ ጥጥ እየፈተለች ትሰማለች። እናታችን አማርኛው ሲረቅባት «እስቲ በቋንቋችን በይው» ትለኝና ወደ ኽምጣኛ እመልስላታለሁ። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ ሁለት ጊዜ ይነበብ ነበር።

የመጽሐፉ ሴት የምትወደው ሰው የቤተ ክርስቲያን ንብረት ይሰርቃል፤ ጥፋቱ በአንድ ምስኪን ዘበኛ ላይ ይላከካል። እሷ እውነቱን ታውቃለች። ብዙ ገጽ ስታለቅስ ቆይታ አደባባይ ወጥታ ትናገራለች። ዘበኛው ይፈታል፤ ሰውየው ታስሮ ሲወሰድ ዞር ብሎ «አኮራሽኝ» ይላታል።

እህቴ እንዝርቷን አቁማ በሳቅ ሞተች። «አኮራሽኝ? ወንድ ልጅ እንዲህ ይላል? ኧረ ይህን የጻፈው ሰው ፍቅርም እስርም አላየም።»

«ታዲያ ምን ታድርግ?» አልኳት፤ እኔ በሴትዮዋ ልቤ ተነክቶ ነበር።

«ዝም ትበላ!»

«ዘበኛውስ?»

እንዝርቷን እንደገና አሾረች። «አንቺ ደግሞ ነገር ትወጃለሽ፤ በይ አንብቢ» አለችኝ።

ዓመታት አለፉ። እኔ ተምሬ ሰቆጣ ሥራ ያዝኩ፤ እህቴና ወንድማችን ከእናታችን ጋር ቀሩ። ጦርነቱ ባለፈ ሰሞን ሰው ከተሰደደበት ሲመለስ የእኛን ማሳ ከጎረቤቶቻችን ማሳ የሚለየው የድንጋይ ረድፍ የለም፤ ለምሽግ ተነስቶ አልቋል። ወንድሜ ድንበሩ ማሳው ውስጥ ከበቀለው እሬት ወዲያ ነው ይላል፤ ጎረቤቶቻችን ከእሬቱ ወዲህ ነው ይላሉ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ተቀመጠ። ሁለቱ ቤቶች ሰላምታ አቋረጡ። አንድ ቀን ወንድሜ ከጎረቤታችን የበኩር ልጅ ጋር ማሳው ላይ ሲጨቃጨቅ «ከዚህች ብታልፍ እጋድምሃለሁ!» ብሎ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኸ። ወንድሜ አፉ ነው እንጂ እጁ በሬ እንኳ ጠበቅ አድርጎ አይመታም። ሲያርስ በሬዎቹን የሚለምናቸው ነው የሚመስለው።

በዚያው ሰሞን እህቴ ከጎረቤቶቻችን ወገን የሆነ ሰው ወደደች፤ የዚያ የበኩር ልጅ የአጎት ልጅ ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ አፌም ላይ አላነሳውም። ያገናኛቸው ወፍጮ ቤት ነው። ናፍጣ ሲጠፋ ወፍጮው ሰውን ቀኑን ሙሉ ያስቀምጣል፤ ተራ ሲጠብቁ ተጫወቱ፣ ከዚያ ጆንያዋን አህያው ላይ ጭኖ እስከ ወንዙ ሸኛት። እህቴ ከዚያ ወዲያ ወፍጮ ቤት አበዛች። እናቴ «ይህን ሁሉ ዱቄት ማን ነው የሚበላው?» ትል ነበር።

በሁለቱ ቤት ጠብ የተነሳ ፍቅራቸውን ደበቁት። የድንበሩ ነገር በሽማግሌ ሲያልቅ ሽማግሌ ልኮ ሊያስጠይቃት ተነጋግረዋል። እንዴት እንደተሳካላቸው አሁንም ይገርመኛል፤ በእኛ ቀዬ የማን ዶሮ የት እንደጣለች እንኳ ይታወቃል። የእነሱን ግን እኔም፣ እናቴም፣ ማንም አላወቀም። እህቴ በዚያ ጥንቃቄዋ ትኮራ ነበር።

ከዚያ የጎረቤታችን የበኩር ልጅ ገደል ሥር ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱን በዱላ መመታቱን ሬሳውን ያነሱት ሁሉ አዩ፤ የመታውን ግን ያየ የለም። እህቴ ብቻ ሬሳው ከመገኘቱ በፊት፣ አመሻሽ ላይ ከብት ስታስገባ፣ ያን የምትወደውን ሰው ወንዝ ዳር አግኝታዋለች። ጋቢውን እያጠበ ነበር።

«እኔ ነኝ» አላት። «በአያታችን መሬት ተጣላን። አንዴ ነው የመታሁት።»

ዝም በይልኝ ብሎ አልለመናትም። እህቴ ይህንን በኋላ ስትነግረኝ «ቢለምነኝ ኑሮ ሳልጠላው አልቀርም ነበር» አለችኝ። አለመለመኑን እንደ ጨዋነት ቆጠረችለት። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ስሰማ ደሜ ፈላ፤ ልመናው ምን ያደርግለታል፣ ልቧን ያውቀው የለ!

በእኛ አገር ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ፣ ፖሊስ መጣም አልመጣም፣ ግዝት ይወጣል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ይቆሙና ያየ፣ የሰማ፣ ያወቀ ሰው ደብቆ ቢቀር ከክርስቲያን ኅብረት የተለየ ይሁን ብለው ይገዝታሉ። ከዚያ ሕዝቡ ተሰልፎ መስቀሉን ይሳለማል። የተሳለመ ሰው «አላውቅም» ብሎ በእግዚአብሔር ፊት እንደማለ ነው። እያወቀ የማይናገር ግን መስቀሉንም አይነካ፣ ከደጀ ሰላሙም አያልፍ፤ ውጭ ይቀራል። ፖሊስ ፊት ዓይኑን ሳያርገበግብ የሚዋሽ ሰው እዚያ ሰልፍ ላይ ወደ ኋላ ሲል አይቻለሁ።

ሰውየው ተሳለመ። የሟች ዘመድ ስለሆነ ከፊት ነበር የቆመው፤ ዓይኑ በልቅሶ ቀልቶ፣ ጎንበስ ብሎ መስቀሉን በግንባሩና በከንፈሩ ነካ። እህቴ ከሴቶቹ ሰልፍ ሆና አየችው። ተራዋ ሲቃረብ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ከሰልፉ ወጣች፤ ከቅጥሩም ወጣች።

«አልናገርበትም አልኩ» አለችኝ። «እግዜርን ደግሞ አልዋሸውም አልኩ። ምን አጠፋሁ?»

መሃል መንገድ ያገኘች መስሏት ነበር። ሰውየውን ታተርፋለች፤ ነፍሷንም በውሸት አታቆሽሽም፤ ዋጋውን ውጭ ቆማ ራሷ ትከፍላለች። ሌላ ማንንም የማይነካ ነገር ነው ብላ ነው።

በመጀመሪያው እሁድ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ስትቆም ሴቶቹ የወር አበባዋ ነው ብለው አለፏት። በሚቀጥለውም አለፏት። ከዚያ በኋላ ግን ዓይን መጣ። በእኛ ሰፈር ሴቶች የእርስ በእርስ ወራቸውን ከራሳቸው ይልቅ ያውቁታል፤ ይህን ያህል አይቆይም ተባለ። ግዝት ይዟት ነው ተባለ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ለማን ብላ? ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ አባታችን ሞቷል። ሴት ልጅ ነፍሷን አስይዛ የምትሸሽገው ማንን ነው? የእናቷን ልጅ ነዋ። ደግሞም «እጋድምሃለሁ» ያለው ማን ነበር?

አንድም ሰው ፍቅርን አላሰበም። ፍቅር እንዳለባት እንዳይታወቅ ስንት ጊዜ ደክማበታለች።

የሟች ወንድሞች የወንድሜን መውጫና መግቢያ ማየት ጀመሩ። ገበያ ላይ ሰው ከአጠገቡ ይነሳ ጀመር። አንድ ቀን እህቴን በረት ውስጥ አገኛትና በር ላይ ቆመ።

«እታለም፣ በሞቴ፣ አንድ እሁድ ግቢና ተሳለሚ። ሰው እኮ እኔን ነው የሚያየው።»

«አሞኝ ነው» አለችው።

«የሚያምሽ እሁድ እሁድ ብቻ ነው?»

ዝም አለችው። ወንድሜ «የምታውቂው ነገር አለ?» ብሎ እንኳ አልጠየቃትም፤ ይህ በኋላ ነው የከነከነው። የቸገረው መስቀሉን አለመሳለሟ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ከንፈሯን መስቀሉ ላይ ብታሳርፍ ወንድሜ ያን ቀን ነፃ ይወጣ ነበር። እህቴ ያን ማድረግ አልቻለችም። መናገርም አልቻለች። ወደ ሰውየው ሄደች።

«ወደ ቆላ ውረድና ራቅ በል፤ አንተ ከራቅህ በኋላ እናገራለሁ» አለችው።

እሱም ረጋ ብሎ «ወንድምሽ ምን አደረገና? ያላደረገ ሰው ምን ይሆናል? ሕግ አለ እኮ» አላት። እህቴ ይህንን ስትሰማ ልቧ ትንሽ አረፈ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ አረፈ።

ወንድሜ ግን ሕጉን አልጠበቀም። የሟች ወንድሞች ደሙን ሊመልሱ መማከራቸውን ሲሰማ በአበርገሌ በኩል ወደ ተከዜ ወረደ። ሚሊሻዎች መንገድ ላይ ያዙት። መሸሹ ደግሞ ለሁሉም እንደ እምነት ቃል ተቆጠረ፤ ያላደረገ ሰው ለምን ይሸሻል? ሰቆጣ አምጥተው አሰሩት። ምግብ ስወስድለት ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ፣ እግሩ አብጦ አገኘሁት። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እታለም ምን አውቃ ነው?»

በገበያ ቀን እህቴ እኔ ዘንድ መጣች። ነጠላዋን ሳታወርድ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችኝ። አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ ከዚያ ጮህኩባት፣ ከዚያ እጇን ይዤ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰድኳት። መንገድ ላይ «አሁን እሱን ይገድሉታል» አለችኝ። «አንቺ ደግሞ ስለ እሱ ታስቢያለሽ!» አልኳት። «ስለማን ላስብ?» አለች፤ ከልቧ ነበር የጠየቀችኝ።

መርማሪው ትሁት፣ የደከመው ሰው ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

«የተጠርጣሪው እህት ነሽ?»

«አዎ።»

«የእናትም የአባትም?»

«አዎ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበርሽ?»

«ፈርቼ ነው። እወደው ነበር።»

«ከሰውየው ጋር ትዋደዱ እንደነበር የሚያውቅ ሰው አለ? ጎረቤት፣ ጓደኛ፣ አንድ ሰው?»

እህቴ ብዙ አሰበች። ወፍጮ ቤቱን፣ ወንዙን፣ የሄዱባቸውን መንገዶች ሁሉ እየዞረች መሰለኝ። «የለም» አለች በመጨረሻ። «ተጠንቅቀን ነበር።»

ሰውየው ተጠርቶ መጣ። ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ አብረውት ለመጡት የቀዬው ሽማግሌዎች እጅ ነስቶ ተቀመጠ። ሳይቆጣ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ወንድሟን ልታድን ነው፤ አልፈርድባትም» አለ። «እኔም እህት ብትኖረኝ ይህንኑ ታደርግልኝ ነበር። ከሰላምታ በቀር ግን አላውቃትም።» አጠገቡ የነበሩት ሽማግሌዎች ከንፈራቸውን መጠጡለት። እሱ መስቀል የተሳለመ ሰው ነው። እሷ ከመስቀል የሸሸች ሴት ናት። ማንን ይመኑ?

የመጽሐፉን ሴት ያን ቀን አስታወስኳት። አደባባይ ወጥታ አፏን ስትከፍት ሁሉም ሰው አመናት። ደራሲው ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው እንኳ «ትዋሻለሽ» እንዲላት አላደረገም። እውነት ከተናገሩት ይታመናል ብሎ የሚያስብ ሰው ነው የጻፈው። እኔም እሱን እያነበብኩ አድጌ፣ እህቴን እጇን ጎትቼ የወሰድኳት እዚያ ስንደርስ ነገሩ ያልቃል ብዬ ነበር።

እህቴ ወደ ቀዬዋ ተመልሳ ቄሱ ዘንድ ሄደች። ከግዝቱ እንዲፈቷት ነው፤ ተናግራለችና። ከደጀ ሰላሙ ውጭ ተንበርክካ ጠበቀቻቸው።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ። የማውቀውን ተናግሬያለሁ።»

ቄሱ መስቀላቸውን ከእጅጌያቸው አላወጡም። «ልጄ፣ ግዝት በሐሰት አይፈታም» አሏት። «እውነቱን የተናገርሽ ቀን ነይ።»

«እውነቱ ይኸው ነው እኮ፣ አባቴ።»

«ደግመሽ አስቢበት» ብለዋት ገቡ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሊገቡ ፊታቸውን ሲያዞሩ ዕንባ በዓይናቸው እንደነበር አይታለች። ለነፍሷ የተጨነቁላት መስሏቸው ነው።

ፍርድ ቤቱ ወንድሜ ላይ ረጅም እስራት ፈረደ። ዛቻውን የሰሙ ምስክሮች ቀረቡ፤ መሸሹ ተነገረ። የእህቴ ቃል ተሰምቶ ታለፈ። ወህኒ ቤት ልጠይቀው ስሄድ አንድ ቀን ደፍሬ «እታለም ውጭ ቆማለች፤ ትግባ?» አልኩት።

«አትግባ።»

«የተናገረችው እውነት ነው፤ እመናት።»

«እኔ አይደል እንዴ ያልገደልኩት? ከኔ የበለጠ ማን ያምናታል?» አለኝ። «እውነት መሆኑን ስለማውቅ ነው ማየት የማልፈልጋት። እያወቀች በረት ውስጥ ዝም አለችኝ።»

ይህንን ለእህቴ አልነገርኳትም። ሲፈታ ያገኝሻል ብዬ ዋሸኋት። ያመነችኝ አይመስለኝም፤ ያመጣችለትን ቆሎ ለዘበኛው ሰጥታ ተመለሰች።

ሰውየው አግብቷል፤ ልጆች ወልዷል። ማሳው ከእኛ ማሳ ጋር ስለሚዋሰን ሲያርስ ከእህቴ ጋር ይተያያሉ። ድንበሩ በመጨረሻ ከእሬቱ ወዲህ ሆኗል፤ የሚከራከርልን የለም። አንድ ጊዜ አምርሬ «አሁንም ትወጂዋለሽ?» አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። «የወፍጮውን ድምፅ ስሰማ ሆዴ ይባባል» አለች። «እሱን ሳየው ግን ማን እንደሆነ ግራ ይገባኛል።» ሁልጊዜ እሁድ ከደጀ ሰላሙ ውጭ፣ ግንቡን ተደግፋ፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ትቆማለች። ሴቶቹ ሲወጡ ሰላም ይሏታል፤ እንዲያውም በአዘኔታ ነው የሚያነጋግሯት። ለወንድሟ ስትል ነፍሷን የጣለች እህት ናት በእነሱ ዘንድ።

ባለፈው በጋ እናታችን ሕመም ጸናባት። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። እህቴ ቀንና ሌሊት ከአጠገቧ አልተለየችም፤ ታጥባታለች፣ ታገላብጣታለች፣ አጥሚት ታጎርሳታለች። አንድ ጠዋት እናቴ አጥሚቱን በእጇ ገፋ አድርጋ እህቴን ወደ ራሷ ጠራቻት። የተናገረችው በኽምጣኛ ነው፤ የመጨረሻ ነገሯን በሰው ቋንቋ አትናገርም።

«ልጄ ሰው መግደሉን ታስሮ ሳይሄድ ነው ያወቅሁት» አለች። «አንቺ ውጭ መቆም የጀመርሽ ቀን አወቅሁ። አላልኩሽም እንጂ። እሱን ላድን ብለሽ በሰው ልጅ ላይ በሐሰት መሰከርሽ፤ ቤተ ክርስቲያን ቀረብሽ፤ ባል ቀረብሽ። ሌላው ቢኮንንሽ እኔ እናትሽ አልኮንንሽም። የሐሰቱን ኃጢአት እኔ ይዤልሽ እሄዳለሁ። እግዚአብሔር ስለ ወንድምሽ የዋሸሽውን ይቅር ይበልሽ፣ ልጄ።»

እኔ ብድግ አልኩ። «እማ፣ አልዋሸችም!» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ በዓይኗ ብቻ ተይ አለችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ የእናቴን ጉልበት ሳመችና፣ «አሜን» አለች።